የአሰብ ጨው በአዳማ ጓሮ፦ ዝገት የበላት የአንዲት ኮምቢ ጉዳይ

ላሜራ ቀጥቃጩ ጋሼ ከደረት ኪሳቸው ማግኔት አወጡ። ፍሪጅ በር ላይ የምትለጠፈው ዓይነት ናት፣ ትንሽዬ። ቀለሙን እንዳትጭር በመሐረብ ጠቀለሏት። ከኮምቢዋ፣ ከአሮጌዋ የቮልስዋገን ሚኒባስ፣ በር ስር ደፉ ላይ አስጠጓትና ለቀቋት። ወደቀች። አንድ ክንድ ራቅ ብለው ደገሙ። ወደቀች። ከኋላ ጎማው በላይ ሲደርሱ ያዘች። ሁለት ጣት ዝቅ ሲያደርጓት እንደገና መሬት ላይ ናት።

«ልጄ፣ ይሄ ላሜራ አይደለም» አሉኝ። «ስቱኮ ነው። መኪናዋን ያቆማት ቀለሙ ነው።»

ያን ቀን ሞተሩ ከተነሳ ሦስት ሳምንቱ ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ አጨብጭቧል፣ ቡና ተፈልቷል፣ እኔም «ትልቁ ሥራ አለቀ» ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አውርቻለሁ። ትልቁ ሥራ ግን ገና አልተጀመረም ነበር። ይህን ጉዳይ የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ስህተት ብዬ ነው። አሮጌ መኪና ጓሮው ያቆመ ሰው አብዛኛው እንደኔ ከሞተሩ ነው የሚጀምረው።

መኪናዋ

ኮምቢዋ የአባባ ናት። አባባ «በፈረንጅ የ68 ሥሪት ናት» እያሉ ነው የኖሩት። የሻንሲ ቁጥሯን አጥበን ስናየው ግን 230 ብሎ ይጀምራል። 2 የቮልስዋገን ታይፕ ቱ ነች ማለት ነው። 3 ኮምቢ መሆኗን ይናገራል። 0 ደግሞ የ1970 እ.ኤ.አ. ሞዴል መሆኗን። በኛ 1962 መሆኑ ነው። አባባ ሁለት ዓመት ስላነሰችባቸው ትንሽ ደስ አላቸው።

ቤን ፖን የሚባል የሆላንድ ቮልስዋገን አስመጪ በ1947 እ.ኤ.አ. ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጎማ ያለው ሣጥን ሣለ። ኮምቢ ከዚያ ተነሥታ በ1950 ከፋብሪካ መውጣት ጀመረች። መጀመሪያ የቮልስን ወለል ወስደው ሣጥኑን ከላይ ሊጭኑበት ሞክረው ነበር። ወለሉ አልቻለም። ስለዚህ አካልና ወለል አንድ ላይ ተበይደው እንዲሸከሙ አደረጉ። ነገሩ ለጨዋታ ያህል አይደለም። ኮምቢ ላይ የበር ደፍ ጌጥ ሳይሆን አጥንት ነው ማለት ነው። እሱ ከበሰበሰ መኪናዋ መሐሏ ላይ ትጎብጣለች።

አባባ አዳማ ገና ናዝሬት ስትባል፣ አሰብም ወደባችን ሳለች በዚች መኪና ተመላልሰዋል። የመኪና መለዋወጫ ይዘው ይመጡ ነበር። ሙቀቱን ሽሽት ሌሊት ነበር የሚነዱት። ሚሌን አልፈው ሲነጋ ባሕሩ ሳይታይ በፊት ጨው ጨው የሚል አየር ይቀበላቸዋል። አሰብ ደርሰው መኪናዋን የሚያቆሙት ደግሞ ባሕሩ ዳር ነው። «ንፋስ ያገኛታል ብዬ» ይላሉ። አገኛት።

ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ጓሮ ኒሙ ስር ቆማለች። ዶሮዎቹ ኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር። ሥራውን የጀመርኩት በ2014 ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። «ጋራዥ» የምለውም ሦስት በኩሉ ግድግዳ፣ አንዱ በኩል ባዶ የሆነ የቆርቆሮ መጠለያ ነው። ያ ባዶ ወገን በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ሰዉ «አዳማ ደረቅ አገር ነው፣ መኪና አይዝግም» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ብረት ለመዛግ ውሃና ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ጨው ካለበት ደግሞ ይፈጥናል። ጨው እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ያችው ትንሽ እርጥበትም ኤሌክትሪክ በደንብ ታስተላልፋለች። አሰብ ላይ ስፌቱ ውስጥ የገባ ጨው ካልታጠበ አዳማም ይከተላል። ጣራው ዙሪያ ያለው አሸንዳ ላይ የኒም ቅጠልና አቧራ ተጠቅጥቆ ነበር። ክረምት ላይ ያ ነገር እንደ እርጥብ ስፖንጅ ሆኖ ወራት ይቆያል።

ሞተሩ

ከሞተሩ የጀመርኩት ስለሚቀል ነው። ይህን ያኔ አላመንኩም፣ አሁን አምናለሁ። የኮምቢዋ 1,584 ሲሲ ሞተር የቮልስ ዘመድ ነው። ቮልስ ደግሞ አገራችን የማታውቃት መኪና አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውም ቮልስ ነበረች። መለዋወጫው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተዞረ ይገኛል። የአካል ላሜራ ግን የለም። የቮልስ ፓራፋንጎ ኮምቢ ላይ አይገባም። እናም ሰው የሚገኘውን ይዞ ይጀምራል።

ካንዴላዎቹን ፈታን። በአራቱም ቀዳዳ ዘይት ከናፍጣ ቀላቅለን ጠብ አድርገን ተውነው። በየማታው ከትምህርት ቤት ስመለስ የጄኔሬተሩን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዤ እሞክራለሁ። ሦስት ቀን ግድግዳ እንደመግፋት ነበር። በአራተኛው ቀን ቁልፉ እጄ ውስጥ የአንድ ጣት ያህል ሄደ። «ጭርር» የሚል ድምፅ መጣ። ቁልፉን ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም፣ ለባለቤቴ ልንገራት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ካርቡራቶሩ ተፈቶ ታጠበ። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ተስተካከለ። 2 ሊትር ተኩል ዘይት ገባ። ታንኩ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ቬርኒች ሆኖ ስለነበር ከሃይላንድ ጠርሙስ በላስቲክ ቤንዚን አገናኘን። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ተነሳች። ያ የአየር ሞተር ድምፅ፣ ልብስ ስፌት ማሽን የሚመስለው፣ ሰፈሩን ሞላው። አባባ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ ጥርሳቸውን ከዓመታት በኋላ አየሁት።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ጎማ ልቀይር ክሪክ አስገባሁ። ፋብሪካው ለክሪክ ብሎ በሠራው ቦታ ላይ ነው ያስገባሁት። ክሪኩ ወጣ። መኪናዋ አልወጣችም። ደረቅ ዳቦ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣና ክሪኩ ወለሉ ውስጥ ገባ። እዚሁ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር አካባቢ አርባ ዓመት ላሜራ የቀጠቀጡትን ጋሼን የጠራኋቸው ያኔ ነው። እሳቸው ደግሞ ማግኔት ይዘው መጡ።

ስቱኮው ሲነሳ

ሁለት ቅዳሜ በመሮና በመዶሻ ፈነቀልን። ካሊፐር ከትምህርት ቤት ላብራቶሪ ተውሼ ወፍራሙን ቦታ ለካሁት። 23 ሚሊ ሜትር። ስቱኮ ከሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ሥራው መሸፋፈን እንጂ ጥገና አይደለም። ከስር ያገኘነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀለም። ከቀለሙ ስር ስቱኮ። ከስቱኮው ስር የወንፊት ሽቦ። ከሽቦው ስር ጎሮሮው እስኪሞላ የተጠቀጠቀ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት። ወረቀቱ እርጥብ ነበር። ደረቁ ወር የካቲት ላይ ነው ይሄ፣ ዝናብ ካየን አራት ወር አልፎናል።

አባባ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው አገላበጡት። በ1988 ዓ.ም. ገደማ አንድ ጋራዥ «አዲስ አድርገንልዎታል» ብሎ በሁለት ቀን አስረክቧቸው ነበር። ስሙን አልጠራውም። «ሁለት ቀን» አሉ አባባ። «እኔም እኮ ሁለት ቀን አይበቃም አላልኩም።»

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የኮምቢ ደፍ ሦስት ንብርብር ላሜራ ነው፦ ውጪ፣ መካከልና ውስጥ። መሐሉ ባዶ ነው። ውሃ ይገባበታል፣ መግባቱንም ፋብሪካው ያውቃል፤ ስለዚህ ከስሩ መውጫ ቀዳዳ ትቷል። ያ ጋራዥ ውጪውን በስቱኮ ሲለስን ቀዳዳዎቹንም ለሰናቸው። ከዚያ ወዲያ ደፉ ጨው የተነሰነሰበት የውሃ ገንዳ ሆነ። ስቱኮ ራሱ እርጥበት ይጠጣል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ ከውስጥ እያበጠ ስቱኮውን ይገፋዋል። ውጪ ላይ የምናያት ያች ምስር የምታህል ጉብታ የበሽታው መጀመሪያ አይደለችም። ከውስጥ የጀመረው በመጨረሻ ውጪ ሲደርስ ነው የምትታየው።

ከደፉ ሌላ ከሾፌሩ እግር ስር ያለው መርገጫ፣ የፊት መስታወቱ ጎማ የተቀመጠበት ከንፈር፣ ከሞተሩ በስተቀኝ ባትሪ የሚቀመጥበት ቦታ አልቀው ነበር። የባትሪው እንኳን የአሰብ ጥፋት አይደለም። አሲድ ነው።

ወተት

ጋሼ ለቅሶ ሄደው አንድ ሳምንት ጠፉ። እኔ ትዕግስት የለኝም። ሰፈራችን በርና መስኮት የሚሠራ ጎበዝ ልጅ አለ። «ወንድሜ፣ ይሄን መርገጫ ብቻ ድፈንልኝ» አልኩት። ከግቢው የተረፈ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ አመጣሁለት። ጋልቫናይዝድ ነው፣ የጣራው ዓይነት። አይዝግም ብዬ ነዋ።

ሁለት ነገር ተበላሸ። የልጁ ማሽን የኤሌክትሮድ ብየዳ ነው፣ ለቱቦላሬ የሚሆን። የኮምቢ ላሜራ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ኤሌክትሮዱ በነካው ቁጥር ቀዳዳ ይከፍታል፣ ቀዳዳውን ሊደፍን ሲሞክር ቀዳዳው ይሰፋል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ የተለበጠው በዚንክ ነው። ዚንክ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ይወጣዋል። ልጁ ያን ጭስ መጠለያው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲተነፍስ ዋለ። ማታ ብርድ ብርድ አለው፣ አንቀጠቀጠው፣ ተኮሰው። እናቱ ወባ መሰላት። ጠዋት ላይ ግን ለቀቀው። የበያጆች ትኩሳት የታወቀ ነገር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አላገኘሁም።

«ወተት ሳልጠጣ ገብቼ ነው» አለኝ በማግስቱ። በያጅና ቀለም ቀቢ ሁሉ ይህን ያምናል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ሳንባ ውስጥ የገባን ጭስ ግን አያወጣም። የሚጠቅመው ዚንኩን በግራይንደር ገፎ ማውጣት፣ አየር ባለበት መሥራትና ትክክለኛ ማስክ ማድረግ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ መጀመሪያውኑ ጋልቫናይዝድ አለማምጣት። ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው ጥቁር ላሜራ አለልን፣ 1 ሚሊ እና 1.2 ሚሊ። ርካሽ ነው፣ ይታጠፋል፣ በደንብ ይበየዳል።

ጋሼ ሲመለሱ መርገጫውን አዩት። ምንም አላሉም። ግራይንደሩን አንስተው ቆርጠው ጣሉት።

እንጀራ ዓይን

ለስስ ላሜራ የሚሆነው ሚግ ብየዳ ነው። ሽቦው እየተጠቀለለ ይመጣል፣ በዙሪያው ጋዝ ይወጣል፣ ጋዙ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከላከላል። ማሽኑን በኪራይ አገኘን። ጋሼ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞከሩ። ያምራል። ከዚያ መኪናዋ ላይ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። ሙሉ ቀዳዳ ቀዳዳ። በመዶሻ ሲነኩት ይፈረፈራል።

ማሽኑን ተራገምን። ሽቦውን ቀየርን። የጋዙን ግፊት ጨመርን። አልተሻለም። አባባ ከዱካቸው ሆነው «ንፋሱ ነው እኮ» አሉ። እኔ የፊዚክስ መምህሩ ማሽኑ ስር ተኝቼ ነበር።

አዳማን የሚያውቅ ይስቃል። ከተማችን በንፋስ ነው የምትታወቀው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉት ተርባይኖች መጀመሪያ 34፣ ቀጥሎ 102 የተተከሉት በከንቱ አይደለም፤ አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት ነው አቅማቸው። ያ ንፋስ በባዶው ወገን እየገባ ጋዛችንን ይዞት ይሄድ ነበር። ብረቱ ራቁቱን ቀርቶ አየር ሲጠጣ ነው ዓይን የሚያወጣው።

መፍትሔው ሰዓት ነበር። ንፋሱ ጠዋት ጠዋት ይተኛል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ መበየድ ጀመርን። መብራትም በዚያ ሰዓት ጉልበት አለው፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ማሽኑ ያቃስታል። ባዶውን ወገን በብርድ ልብስ ጋረድኩት። ብርድ ልብሱ በሁለተኛው ቀን ተቃጠለ። የአባባ ነበር። ከዚያ ወዲህ የራሰ ሸራ ነው፣ አጠገቡም የእሳት ማጥፊያ።

እሳት ካነሳሁ አይቀር። የኮምቢ ሞተር ገላ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ለተማሪዎቼ የማግኒዥየም ሪባን አቃጥላለሁ። ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ነው፣ ውሃ ቢደፉበት ይብስበታል። እና ያ ሞተር መኪናዋ ላይ፣ ቤንዚን ይዞ፣ ከብየዳው ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነበር። ጋሼ ሲነግሩኝ ፊቴ ቀላ። «መምህር አይደለህ እንዴ?» አሉኝ።

ስለዚህ ያ ጎረቤት ያጨበጨበለት ሞተር እንደገና መውረድ ነበረበት።

ሳንቲሙ

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ጋ ነው። ደፉን መቁረጥ ማለት አጥንት ማውጣት ነው። ሦስቱንም ንብርብር አንስተህ አዲሱን እስክትበይድ ድረስ መኪናዋ በምን ትቆማለች?

ጋሼ ከኪሴ የአንድ ብር ሳንቲሞች አስወጡኝ። ተንሸራታቹን በር ዘግተው በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ሳንቲም አስገቡ። ከላይ ጥጉ ጋ አንዷ በግድ ገባች። ከታች ሦስቱ አንድ ላይ ገቡ። «አየህ? ጎብጣለች። ዛሬ በዚህ ሁኔታ ብንበይዳት እንደጎበጠች ትቀራለች። በሩ ዕድሜውን ሙሉ አይዘጋም።»

አራት ክሪክ አስገባን። በወለሉ ላይ ሳይሆን ደህና ብረት ባለበት፣ ጣውላ ከስር አድርገን። ጋሼ አንዱን ሩብ ዙር ያዞራሉ፣ እኔ ሳንቲም እሞክራለሁ። ሩብ ዙር፣ ሳንቲም። ሙሉ ጠዋት ይህንኑ ስንሠራ ዋልን። ባለቤቴ ቁርስ ይዛ መጥታ «ቁማር ነው ወይስ ጥገና?» አለችን። በመጨረሻ ላይም ታችም ሁለት ሁለት ሳንቲም ሆነ።

ያኔ በሩን አውልቀን የበሩን አፍ በቱቦላሬ ተሻጋሪ አድርገን በየድነው። ከጥግ ወደ ጥግ ያለውን ርቀት በሁለቱም ሰያፍ ለክተን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፍን። ያ ጽሑፍ እስካሁን አለ። ከዚያ ነው መቁረጥ የተጀመረው፣ እሱም አንድ ጎን ብቻ። ሌላው ጎን ሳይነካ ይጠብቃል።

አዲሱን ደፍ ከ1.2 ሚሊ ጥቁር ላሜራ አሳጠፍነው። ስትበይድ ደግሞ መስመር ይዘህ አትሄድም። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ አንድ ክንድ አልፎ፣ ከዚያ መሐሉ። ሙቀቱ አንድ ቦታ ከተጠራቀመ ስስ ላሜራ ይጨማደዳል። ጋሼ በእያንዳንዱ ነጥብ መካከል እጃቸውን ላሜራው ላይ ያሳርፋሉ። ካቃጠላቸው ይቆማሉ። ሲጋራ አያጨሱም፣ ስለዚህ እየጠበቁ ወሬ ያወራሉ። ስለ አሰብ ከአባባ ጋር ሲከራከሩ ግማሽ ሰዓት የሚያልፍበት ጊዜ ነበር።

ከስሩ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ጋሼ ራሳቸው በሱ። ማንንም አላስነኩም።

የቀኙ ጎን አምስት ሳምንት ወሰደ። የግራው ሦስት። እጃችን ገብቶ ነበር።

ሞተሩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ

ይሄን በአጭሩ። ሞተሩን ሳወርድ ካርቡራቶሩን በጨርቅ አልሸፈንኩትም ነበር። የግራይንደር ብናኝ ገብቶበታል። እንደገና ተፈታ። የቤንዚን ላስቲኮቹን በሙሉ ቀየርኳቸው። አሮጌ ላስቲክ ሲያጥፉት ከተሰነጠቀ አያመንቱ፣ የነዚህ መኪኖች ትልቁ ገዳይ እሱ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ክፈፍም አልነበረም። ክፈፉ ከሌለ ሞተሩ ራሱ ያሞቀውን አየር ከስር መልሶ ይስባል። በዚያ ላይ በዚች ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ስለሚቆም እሱ ከሌሎቹ ይሞቃል። አዳማ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ፍሬኑ አራቱም ጎማ ላይ ከበሮ ነው። ሲሊንደሮቹ ደርቀው ተጣብቀው ነበር፣ ሁሉም ተቀየሩ። ከአንድ ሻጭ የገዛኋቸው ጎሚኒዎች በሁለት ሳምንት አበጡ። ማን እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን።

ስንት አወጣህ ለምትሉኝ፣ ባለቤቴ ይህን ስለምታነብ አልናገርም። የተጠበቀ ምስጢር ነው።

ቀለም

ባለቤቴ ሰማያዊና ነጭ ትሁን አለች። «ታክሲ ልታስመስያት ነው?» አልኳት። ሊብሬው ላይ ያለው ነጭና አረንጓዴ ነው፣ እሱው ሆነ። ቀለም ቀይሮ ቢሮ መመላለስ አላማረኝም።

የአዳማ ንፋስ አቧራ ይዞ ስለሚመጣ ቀለሙን ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ባደረ ጠዋት ቀባን። ወለሉን ውሃ አጠጣነው። ከቀለሙ በፊት ዝገት ማቆሚያ ተቀብቶ፣ በትክክል ደርቆ፣ ከዚያ አንቲረስት የሚባለው ዝገት ተከላካይ የመሠረት ቀለም። ደፉ ውስጥ ጋሼ በላስቲክ ቱቦ የቀለጠ ሰምና ዘይት ነፉበት። ስቱኮም ተጠቅመናል፣ አልዋሽም። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ብየዳው ላይ ብቻ። ጋሼ እየቀባቡ «ስቱኮ ጥፋት የለበትም፣ ጥፋተኛው ሰውዬው ነው» አሉ።

ቦሎ ለመውሰድ ስንሄድ መርማሪው ከስሯ ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ጠየቀኝ፣ «ትሸጣታለህ?» በ2016 ጥር መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለቴ እሰማለሁ። አባባ ከፊት ወንበር ሆነው በመስኮት «አትሸጥም» አሉ። እኔ አፌን ገና አልከፈትኩም።

የመጀመሪያው ጉዞ ሶደሬ ነበር፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ60 ነዳሁ። ባጃጅ ሳይቀር ቀደመን። አባባ መንገዱን ሳይሆን ተንሸራታቹን በር ነበር የሚሰሙት። አልተንኳኳም።

ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ፣ መስከረም ላይ፣ መኪናዋን ሳጥብ ከፊት መስታወቱ ስር በግራ ጥግ አንዲት ጉብታ ጣቴ ላይ ተሰማችኝ። ምስር ታህላለች። ከፍሪጁ ላይ ማግኔት አምጥቼ አስጠጋሁ። ያዘች። ላሜራው አለ ማለት ነው። ከዚያ ትዝ አለኝ። ያን ጥግ የቀባሁት እኔ ነኝ። ጋሼ «ይደር» ብለውኝ ነበር። እንግዳ ስለሚመጣ ብዬ አንቲረስቱ ሳይደርቅ የመስታወቱን ጎማ ገጠምኩት።

አባባ ከኋላዬ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩዋት። በጥፍራቸው ነካ አደረጉና ቀና አሉ።

«እቺ የአሰብ አይደለችም» አሉኝ። «የራስህ ናት።»